የታፈነ መብረቅ ሲመዘን

ፈርገስ ትራንተር በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ካርታዎችን «የዓመቱ ካርታ» ብሎ ሰይሟል። ቆጥሬያለሁ። ለአንድ ዓመት አንድ የዓመቱ ካርታ እንደሚበቃው የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ዛሬ በኖዊሊን የካርታ ሱቅ መግቢያ ላይ ባለ የጫማ ካርቶን ውስጥ ተከምረው የሚያነሳቸው አጥተዋል። አሥራ ሁለተኛው የታፈነ መብረቅ ነበር።

ጨዋታው ዘጠኝ በር ይባላል። ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል ይበቃል፦ ሁለት ሰዎች አርባ አርባ ካርታ ይዘው ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው ሃያ ነፍስ አላቸው፤ ነፍሱ ያለቀበት ይሸነፋል። በተራህ አንድ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ደፍተህ ማስቀመጥ ትችላለህ። አብዛኛው ሰው የሚደፋው ጋሻ ነው፤ ጋሻ አንድ ጥቃት መልሶ ይሞታል። የታፈነ መብረቅም እንደዚያው ይደፋል። ባላጋራህ ካጠቃህ ግን ይገለበጥና ከአጥቂው ላይ በድንገት አምስት ነፍስ ያነሳል። ካላጠቃህ ምንም ሳያደርግ እዚያው ይቀራል። በአጭሩ፣ ሌላ ሰው እስኪሞኝ ድረስ ተኝቶ የሚጠብቅ ካርታ ነው።

ሥራዬ ውሃ መመርመር ነው። በኒውካስል ዙሪያ ካሉ ግድቦችና ቧንቧዎች የሚመጣውን ናሙና በሳህን ላይ አኖራለሁ፣ አንድ ቀን አሳድራለሁ፣ ከዚያ የበቀለውን ነጠብጣብ በማጉያ መነጽር እቆጥራለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት ነጠብጣብ ካየሁ ሁለት ብዬ እጽፋለሁ እንጂ «ውሃው ደስ ይላል» ብዬ አልጽፍም። የኖዊሊን ሱቅ ወንዶች ካርታ ሲመዝኑ የሚያደርጉት ግን ይህንኑ ነው። አዲስ ካርታ ይገዛሉ፤ ሁለቴ ይጫወቱበታል፤ ካሸነፉ ወንበር ላይ ይቆማሉ፤ ከተሸነፉ በዕድላቸው ያማርራሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሞክሮ የሚያውቅ የለም።

የታፈነ መብረቅ በወጣበት ሳምንት፣ ሐሙስ ከሥራ በኋላ፣ ፈርገስ ወንበር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«አየሽ ዶክተር? አምስት ነፍስ! በአንድ ምት! ዓመቱን የሚገለብጥ ካርታ ነው!»

ዶክተር አይደለሁም። እሱም ያውቃል።

«ስንት ጊዜ ተጫወትክበት?» አልኩት።

«ሁለት። ሁለቱንም በላሁ።»

«ሁለት ናሙና ይዤ ብሄድ አለቃዬ ከበር ነው የምትመልሰኝ።»

«እዚህ ካርታ ነው የምንጫወተው እንጂ ሽንት አይደለም የምንመረምረው።»

«የምመረምረው ውሃ ነው።»

«ያው ነው፤ ቀለሙ ነው የሚለየው።»

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ፈርገስ የስልክ ቀፎ ሻጭ ነው፤ ሰውን ማሳቅ ይችልበታል፣ ከዚያ ያለፈ ግን አይችልም። የሱቁ ባለቤት ኖዊሊን ከባንኮኒው ጀርባ ቀና ሳትል፣ «ፈርገስ የኔ ፍቅር፣ ዓመቱን ከመገልበጥህ በፊት ከወንበሬ ላይ ውረድ፤ እግሩ ተሰብሮ ነው ያስጠገንኩት» አለችው።

ያልሳቀው ሳያ ፊፊታ ብቻ ነበር። ሳያ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው በር ይዘጋል፤ ድምፁ ግን ቀስ ያለ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሜልቦርን ለሚደረገው ብሔራዊ ውድድር ለማለፍ አንድ ግጥሚያ ሲቀረው ሁለቴ ወድቋል። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ የአባቱን ቤት ሊሠራ ወደ ትውልድ ደሴቱ፣ ቶንጋ ወዳለችው ቫቫኡ ይመለሳል። ሦስት ዓመት ይፈጅብኛል ይላል፤ በዚያ ደሴት ላይ ደግሞ ዘጠኝ በር የሚጫወት አንድ ሰው የለም። ስለዚህ የግንቦቱ ማጣሪያ የመጨረሻው ዕድሉ ነበር።

ሰዉ ወደየጠረጴዛው ሲመለስ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«አክስቴ፣ መብረቁን ላስገባው ወይስ ይቅርብኝ?»

አክስቱ አይደለሁም፤ ቶንጋዎች ታላቅ ሴትን እንዲህ ነው የሚጠሩት።

«መቶ ጨዋታ ስጠኝና እነግርሃለሁ።»

«መቶ?»

«ሃምሳ ከመብረቁ ጋር፣ ሃምሳ ያለሱ። መብረቁን እኔ እይዛለሁ፤ አንተ ሁልጊዜ የራስህን ካርታ ይዘህ ታጠቃኛለህ።»

አሰበበት። «እሺ። እኔ ከፈርገስ ጩኸት ያንቺን ደብተር ነው የማምነው።»

ስምንት እሁድ ፈጀብን። ሳያ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ይመጣል፤ ሽርጡንና በቶንጋ ወግ ለክብር ወገቡ ላይ የታሰረውን ሰሌን ሳይፈታ የወጥ ቤቴ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሚስቱ በጎደሬ ቅጠል ጠቅልላ በኮኮናት ወተት ያበሰለችውን ሥጋ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ እንበላለን፤ ከዚያ እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን፤ ከዚያ እስኪመሽ እንጫወታለን።

መብረቁን አልገዛሁም። ሳልመዝነው ለምን እገዛዋለሁ? በሱቃችን ሰው አዲስ ካርታ መሞከር ሲፈልግ ወረቀት ቆርጦ ስሙን በማርከር ይጽፍበታል፤ ወረቀቱን ከአንድ አሮጌ ካርታ ፊት ደርቦ ሁለቱን በአንድ የላስቲክ ሽፋን ውስጥ ይከታቸዋል። ይህ የሚከለከለው በውድድር ቀን ብቻ ነው። እኔም ሦስት የወረቀት መብረቅ ሠራሁ። ወረቀቱን በማስመሪያ ለክቼ ቆረጥኩ። ለአርባውም ካርታዬ ጀርባው ጥቁር የሆነ ሽፋን መረጥኩ፤ የማርከሩ ቀለም እንዳያሳይ ብዬ ነው። ፈርገስ ቢሆን ወረቀቱን በጥርሱ ነበር የሚቆርጠው።

ሁሉንም ጻፍኩ። ማን ጀመረ፣ በስንተኛው ተራ ምን ደፋሁ፣ ሳያ አጠቃ ወይስ ተወ፣ ከማጥቃቱ በፊት ስንት ሰከንድ አሰበ። በሦስተኛው እሁድ ደግሞ አንድ ልማዱን አስተዋልኩ። ለማጥቃት ሲዘጋጅ አንገቱን ይሰብርና ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ ሊያስተኛ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ ይላል። ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ እንደዚያው ይቆያል። ከዚያ ቀና ብሎ ይወስናል። ሳምንቱን ሙሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ነው። በደብተሬ ዳር፣ «አንገት፤ ከሥራው የመጣ» ብዬ ጻፍኩ። በአራተኛው እሁድ በማይክሮዌቭ የሚሞቅ የስንዴ ከረጢት ገዝቼ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ለአንገትህ።»

«አንገቴ ምን ሆነ?»

«አንተ ዝም ብለህ ሙቀው።»

ሞቀው፣ አመሰገነኝ፣ ጉንጩን ወደ ጠረጴዛው ማውረዱን ግን አልተወም።

ስምንተኛው እሁድ ሲያልቅ ደመርኩ። ያለ መብረቅ ከሃምሳው ሃያ አራቱን አሸንፌያለሁ። ከመብረቅ ጋር አሥራ ሰባቱን። በሃምሳው ጨዋታ መብረቅ የደፋሁት ሰባ አንድ ጊዜ ነው፤ ሳያ የገባበት ዘጠኝ ጊዜ ብቻ። ጋሻ የደፋሁት ሰማንያ አራት ጊዜ ሲሆን ስድሳ ሁለቴ አጥቅቶኛል።

ውጤቱን በአንድ ገጽ ጽፌ የኖዊሊን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። ርኅራኄ አላበዛሁበትም። «የታፈነ መብረቅ ራሱን የሚያሳብቅ ካርታ ነው» ብዬ ጀመርኩ። «ሰው መብረቅ የሚደፋው ሲጨንቀው ነው፤ የተጨነቀ ሰው ደግሞ ያስታውቃል። አእምሮ ያለው ባላጋራ ከሰባ አንድ ጊዜ ስድሳ ሁለቴ አይገባበትም። ስለዚህ ካርታው የሚጠቅመው አእምሮ የሌለው ባላጋራ ላገኘ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ባላጋራ ያገኘ ደግሞ በማንኛውም ካርታ ያሸንፋል።» ከሥሩ ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ አኖርኩ።

ፈርገስ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አነበበው።

«መቶ ጨዋታ?» አለ። «ቴሌቪዥን የለሽም እንዴ?»

«አለኝ። ያንተን ፊት ስለማያሳይ እመርጠዋለሁ።»

ኖዊሊን ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ፈርገስ ግን ፈገግ ብሎ፣ «ማጣሪያው ላይ ሦስት መብረቅ ይዤ ነው የምመጣው፤ ያኔ እናያለን» አለና ሄደ። እናያለን! እስካሁን በካርታው ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ምን ሊያይ ነው?

ሳያ ሰሌዳውን ሁለቴ አነበበው። «እንግዲያው አላስገባም?»

«አታስገባም። በቦታው ሦስት ጋሻ ጨምር።»

«እነሱ ሲደፉብኝስ?»

«አንተ ሽታው ይገባሃል» አልኩት። «ስድሳ ሁለቴ ሸሽተኸዋል። እንደለመድከው ተጫወት።»

ይህን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። እንደለመድከው ተጫወት።

ማጣሪያው ቅዳሜ ብሮድሜዶው በሚገኝ አዳራሽ ተደረገ። ዘጠና ስድስት ሰው መጣ። አራቱ ወደ ሜልቦርን ያልፋሉ። ተመልካች ከገመድ ወዲያ ሆኖ ማየት ይችላል፤ ትንፍሽ ማለት ግን አይችልም። ከተመልካች አንዲት ቃል ከመጣች የተነገረለት ተጫዋች ግጥሚያውን ይሸነፋል። ደንቡ ትክክል ነው። ከፈርገስ ጓደኞች አፍ ምን ሊወጣ እንደሚችል አውቃለሁና ደግፌዋለሁ።

እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ሳያ ንጹሕ ጨዋታ ተጫወተ። ፈርገስም፣ በምን ተአምር እንደሆነ አላውቅም፣ አልወደቀም። በመጨረሻው ግጥሚያ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። ያሸነፈ ያልፋል። አንድ አንድ ተካፍለው ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ደረሱ።

ከገመዱ ሁለት እርምጃ ላይ ስለነበሩ ሁሉን አያለሁ። ሳያ አምስት ነፍስ ቀርቶታል፤ ፈርገስ ሦስት። ፈርገስ እጁ ላይ ምንም የለውም፤ ፊቱ አንድ የተደፋ ካርታ አለ። ሳያ ጠረጴዛው ላይ ጎሽ አለው፤ ጎሽ አራት ነፍስ ይወስዳል። ነገሩ ግልጽ ነበር። የተደፋው ጋሻ ከሆነ ጥቃቱ ይመለሳል፣ ጋሻው ይሞታል፣ በሚቀጥለው ተራ ፈርገስ ያልቃል። መብረቅ ከሆነ ሳያ አሁኑኑ ያልቃል። ተራውን አሳልፎ መጠበቅ ይችል ነበር፤ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ነው ፊቱ ያለው።

ሳያ አንገቱን ሰበረ። ጉንጩን ወደ ጠረጴዛው አወረደ።

«ምነው ሳያ፣ ትራስ ላምጣልህ?» አለ ፈርገስ። ከገመዱ ወዲህ ሦስት አራት ሰው ሳቀ። ዳኛው በዓይኑ ገሠጻቸው።

በመቶ ጨዋታ ሁሉ እኔ ከሳያ ፊት ለፊት ነበር የምቀመጠው። ዛሬ ግን ከጎኑ ቆሜያለሁ። ከጎን ሳየው ዓይኑ አልተጨፈነም። አንገቱንም እያፍታታ አልነበረም። አንዱን ዓይኑን አጥብቦ በጠረጴዛው ላይ አግድም እያየ ነው፤ አንጣፊ የዘረጋውን ሴራሚክ ወለሉ ላይ ተኝቶ እንደሚያይ፣ የትኛው ከጓደኞቹ ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ እንደሚፈልግ።

የሚያየው ካርታውን ነበር።

ወረቀቶቼ። በማስመሪያ የተለኩት፣ ቀለማቸው እንዳያሳይ ጥቁር የለበሱት ሦስት ወረቀቶቼ። በአንድ ሽፋን ውስጥ ካርታና ወረቀት ተደራርበው ነበር። ጋሻዎቼ ግን እውነተኛ ስለሆኑ በሽፋናቸው ውስጥ ነጠላ ነበሩ። መብረቅ በደፋሁ ቁጥር ካርታው የወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ ይላል። ሰባ አንድ ጊዜ ደፍቼ ሰባ አንዱንም ጊዜ ፊቱን ገልጬ ያስቀመጥኩት ያህል ነው። የሳያ የማሽተት ችሎታ፣ የተጨነቀ ሰው ማስታወቁ፣ ራሱን የሚያሳብቀው ካርታ፣ ያ ሁሉ ፍልስፍናዬ፣ አንዲት ወረቀት ነበረች።

ካርታው በድንገት እንዲመታ የተሠራ ነው፤ እኔ መቶ ጨዋታ ስመዝነው ድንገት የሚባል ነገር ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

አሁን የፈርገስ ካርታ አዳራሹ መብራት ሥር ተደፍቶ ነበር። በውድድር ወረቀት ስለማይፈቀድ እውነተኛ ካርታ ነው፤ መብረቅም ቢሆን ከፍ አይልም። ልሙጥ ነው። ሳያ ልሙጥ መሆኑን አየ። በስምንት እሁድ የተማረው ደግሞ ልሙጥ ማለት ጋሻ መሆኑን ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አፌን ከፍቼ ነበር። ዳኛው አየኝ። አንድ ቃል ብተነፍስ ሳያ በደንቡ ይሸነፋል፤ ዝም ብል በካርታው። ከንፈሬን ነከስኩ። የቀረው ተስፋ ካርታው በአጋጣሚ ጋሻ መሆኑ ብቻ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በቁጥር ኖሬ መጨረሻዬ እንደ ፈርገስ ዕድልን መለመን ሆነ።

ሳያ ቀና አለ። ፊቱ ሰላማዊ ነበር።

«በጎሽ አጠቃለሁ» አለ።

ፈርገስ ካርታውን በአንድ ጣት ገለበጠው፤ መብረቅ። ጩኸቱ ደጅ ቋሊማ ሲጠብሱ ለነበሩት ሰዎች ሳይሰማ አልቀረም።

ሳያን መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘሁት። ቋሊማ በዳቦ ይዞ በሥራ መኪናው ኋላ ተቀምጧል፤ አልነከሰውም።

«ልሙጥ ነበር አክስቴ» አለኝ። የከፋው አይመስልም፤ ግራ የገባው ይመስላል። «ደህና አድርጌ አይቼዋለሁ። ልሙጥ ነበር።»

«እውነተኛው ልሙጥ ነው። ከፍ የሚለው የኔ ነው፤ ወረቀት ስላለው።»

ዳቦውን አስቀመጠ። ሲገባው ከፊቱ አየሁ፤ ቀስ ብሎ ነው የገባው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ይህን ለመጠየቅ ምን መብት እንደነበረኝ አላውቅም።

«ምኑን? እያየሁት መሆኑንም ልብ አላልኩትም እኮ። ከፍ ያለ ሴራሚክ ሳይ ለማን እነግራለሁ? አልረግጠውም፣ በቃ። ካርታውን ያነበብኩት መስሎኝ ነበር። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

«ጎበዝ ነህ።»

«ተይ እንጂ አክስቴ።» ከዚያ ሳቅ አለ፤ ትንሽ። «የስንዴው ከረጢትስ?»

«አንገትህን ያመመህ መስሎኝ ነው።»

«አሁን ነው የሚያመኝ።»

ሌሊቱን ተኛሁ አልተኛሁም ብዬ አላወራም። ማለዳ ተነሥቼ ግን ደብተሩን ገለጥኩት። ሁሉም እዚያው ነበር። ወደ ጋሻ ከሰማንያ አራት ስድሳ ሁለት፣ ወደ መብረቅ ከሰባ አንድ ዘጠኝ። ከተደፋ ካርታ ላይ ይህን ያህል መለየት የሚችል ሰው በምድር ላይ የለም፤ ካላየ በቀር። እንዲህ ያለ ቁጥር ከውሃ ናሙና ቢመጣልኝ ሳህኑ ተበክሏል ብዬ በዚያው ቅጽበት እጥለው ነበር። እዚህ ግን ቁጥሩ ፈርገስን ስለሚያዋርድልኝ ወደድኩት። ከጎኑ ደግሞ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ፦ አንገት፤ ከሥራው የመጣ። ግማሹ ትክክል ነበር።

ሐሙስ ዕለት የኖዊሊን ሱቅ ገብቼ ገጹን ከሰሌዳው ላይ ነቀልኩ። ሌላ ለጠፍኩ። አጭር ነበር፦ የወረቀቱን ነገር፣ የሳያን ዓይን፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ። ከሥሩ፣ «የታፈነ መብረቅ፦ አልተመዘነም።»

ፈርገስ የሜልቦርን ማለፊያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር፤ ለአምስት ቀን እንዳላወለቀው ያስታውቃል።

«ታዲያ አመንሽ ዶክተር! የዓመቱ ካርታ ነው ማለት ነው!»

«አይደለም። የኔ ሚዛን ተበላሸ ማለት ያንተ ጩኸት ሚዛን ሆነ ማለት አይደለም። ካርታው ጥሩ ይሁን መጥፎ እስካሁን የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ መቶ ጊዜ ተሳሳትኩ፤ አንተ ስድስቴ ቀናህ። ሁለታችንም ምንም አናውቅም። ልዩነቱ እኔ አለማወቄን መጻፌ ነው።»

«ልዩነቱ እኔ ሜልቦርን መሄዴ ነው» አለ።

ስለ ካርታ ከተናገረው ሁሉ ትክክል የሆነው የመጀመሪያ ነገር ነበር።

«ፈርገስ የኔ ፍቅር» አለች ኖዊሊን፣ «አሁንም ወንበሬ ላይ ነህ።»

ሦስት እውነተኛ መብረቅ ገዝቼ ወጣሁ። እሁድ ሳያ እንደልማዱ መጣ። ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

«ሐምሌ እስኪገባ ገና ስድስት እሁዶች አሉኝ» አለ፣ ሰሌኑን እያስተካከለ። «መቶ እንጨርሳለን?»

«ለምን ብለህ? አንተ እኮ ከእንግዲህ አትወዳደርም።»

«ማወቅ እፈልጋለኋ። ቤት ስሠራ ምን እያሰብኩ ልዋል?»

በላን፣ ታጠብን፣ በወዝን። በአምስተኛው ተራ አንድ ካርታ ደፋሁ። ሳያ አንገቱን ሰበረ፣ ጉንጩን ወደ ጠረጴዛው አወረደ፣ አንድ ዓይኑን አጠበበ። ብዙ ቆየ።

«ምንም አይታይም» አለ።

«እንግዲያው እንደ ማንኛውም ሰው ፍራ።»

ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ባለፉት ስምንት እሁዶች፣ ካርታ ስደፋ አንዴም ፊቴን አይቶ አያውቅም። ከዚያ አጠቃ።

መብረቅ ነበር። አዲሱን ደብተር ገልጬ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍኩ፦ አንድ።